ሸርጣን አንበላም፣ ግን ያገባናል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ በሲያትል ሐበሾች ስልክ ላይ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ባለቤቴ ናት፤ እዚያው ሶፋ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የላከችልኝ። «አንብበው እስቲ፣ ስለ አንተ ሸርጣን ነው» አለችኝ። ሸርጣን የእኔ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት አልካይ የባሕር ዳርቻ ላይ በሠራሁት ጥፋት ነው። እሱን ቦታው ሲደርስ እናዘዛለሁ።

ጽሑፉ ዋሽንግተን ስቴት በአረንጓዴው የአውሮፓ ሸርጣን ላይ የከፈተውን ዘመቻ ይተቻል። አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ቀልድም አለው። አንብቤ ስቄአለሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን አራቱም የላኩልኝ ሰዎች «እውነቱን ነው» ብለው እንደላኩት ሳስተውል መልስ መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እኛ ሸርጣን ስለማንበላ ጉዳዩ አይመለከተንም። «ወራሪ ዝርያ» የሚባለው ነገር ስደተኛን የመጥላት ሌላ ስሙ ነው። ነገሩ ያን ያህል ካሳሰበ ደግሞ ያገኘው ሰው ሁሉ በጫማው ይጨፍልቀው፤ ፎቶ አንሱ፣ አመልክቱ ማለት የቢሮ ጨዋታ ነው። አለዚያም ምግብ ቤቶች ይሽጡትና ተበልቶ ይለቅ። ሲያበቁም፣ አንዴ የገባ ነገር አይወጣምና ሚሊዮን ዶላር ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ከንቱ ካልሆነም የመንግሥት ሥራ ነው ይላሉ።

ግደሉት፣ ብሉት፣ ተዉት። ሦስቱም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ። የትኛውን እንደሚመርጡ እሳቸው ይወስኑ፤ እኔ አንድ በአንድ ልሂድበት።

በቅድሚያ ከሸርጣኑ ጋር እንተዋወቅ። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ የአውሮፓና የሰሜን አፍሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። በ1817 አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ታየ። እዚያ ቆይቶ የሜይን ስቴት ክላም ለቃሚዎችን ጉድ ሠርቷቸዋል፤ ክላም በሁለት ቅርፊት ተዘግቶ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ የባሕር ፍጥረት ነው። ወደ ምዕራቡ ዳርቻ የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ በ1989 ሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ተገኘ። የዓሣ ማጥመጃ ትል በሚታሸግበት አልጌ ውስጥ ተደብቆ ወይም በመርከብ ሆድ ውስጥ በሚጫን ውሃ እንደመጣ ይገመታል። ከዚያ በኋላ መርከብም አላስፈለገውም። ጫጩቶቹ ከዓይን የማይሞሉ ተንሳፋፊዎች ናቸው፤ ለሳምንታት በውሃው ላይ ይነዳሉ። በ1998 ዊላፓ ቤይና ግሬይስ ሃርበር፣ ማለትም የእኛው ስቴት የውቅያኖስ ዳርቻ ደረሱ።

ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ትልቁ እንኳ የጀርባው ስፋት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሆዱ ግን ሌላ ነው። አንድ ሸርጣን በቀን 40 ትናንሽ ክላም ሊበላ ይችላል። አንዲት ሴት ሸርጣን ደግሞ በአንድ ጊዜ እስከ 185,000 እንቁላል ትይዛለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጸሐፊው «አያገባንም» የሚሉት።

እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን ሸርጣን አንበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ካለው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል። (ልጄ ይህን ሲሰማ «አባዬ፣ ሸርጣን እኮ ቅርፊት አለው!» ብሎ ተከራከረኝ። የአማርኛችን ጣጣ ነው። የዓሣውም የሸርጣኑም ልብስ ቅርፊት ነው የሚባለው። «ክንፍ የለውም» ብዬ ተገላገልሁ።) ነገር ግን እኛ እሱን አለመብላታችን እሱ ሌላውን ከመብላት አላገደውም።

ሸርጣኑ ክላም ፍለጋ ጭቃውን ሲምስ የባሕር ሣሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ያ ሣር የሕፃን ሳልሞን መደበቂያ ነው። ሄሪንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ እንቁላሉን የሚለጥፈው እሱ ላይ ነው። የዚህ አገር ተወዳጅ ሸርጣን፣ ዳንጀነስ፣ ልጅነቱን የሚያሳልፈውም እዚያው ነው። ሳልሞን ደግሞ ሐበሻ ቤት ከገባ ቆይቷል። በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም።

እንጀራም አለበት። ዋሽንግተን ክላምና ዘመዶቹን፣ ኦይስተርና መስል የሚባሉትን፣ በማርባት ከአሜሪካ ስቴቶች ቀዳሚው ነው። እርሻው፣ ማሸጊያው፣ ጭነቱ፣ ምግብ ቤቱ ሰው ይቀጥራል። ወገኖቻችን ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ከኤርፖርት ቱሪስት ይጭናሉ። ቱሪስቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ዶሮ ወጥ ፍለጋ አይደለም።

ከእኛ በፊት የነበሩትንም አንርሳ። ሉሚ፣ ማካና ሌሎቹ ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ መሬታቸውን በውል ሲለቁ ከዳርቻው የመልቀም መብታቸውን አስጠብቀው ነበር። በ1994 ፍርድ ቤት መብቱን አጸናላቸው፦ በልማዳዊ ቦታዎቻቸው ከሚሰበሰበው ባለ ቅርፊት ግማሹ የእነሱ ነው። ክላሙ ካለቀ ግን የባዶ ግማሽ ባዶ ነው።

ለመሆኑ እምቦጭን ማን በልቶት ያውቃል? ጣና ላይ ሲንሰራፋ በዚህ አገር ያለን ሐበሾች ለማሽን መግዣ አላዋጣንም? ያኔ «ዓሣ አልበላም፣ ጣና ምን አገባኝ» ያለ ሰው አልገጠመኝም። ጸሐፊውም አላሉም ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ የዚህኛው ውሃ ጥፋቱ ልጆቻችን የሚዋኙበት መሆኑ ብቻ ነው?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይኼኛው ልቤን ነክቶታል። ጸሐፊው ስደተኛ ናቸው፣ እኔም ነኝ። «መጤ» የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ከቀዬው ያፈናቀለ፣ ከዚያም የከፋ ያደረገ ቃል ነው። በመጽሔት ላይ «መጤ አረም» የሚል ሳነብ እንኳ ቅር ይለኛል። በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ለእንስሳም ለአረምም «ወራሪ» በሚለው ብቻ ብንወሰን ደስ ይለኛል።

ግን ቃሉን መጥላት አንድ ነገር ነው፤ ነገሩ የለም ማለት ሌላ ነው። ከውጭ የመጣ ሁሉ ወራሪ አይባልም። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በርበሬን ወራሪ የሚል ሐበሻ ካለ ዶሮ ወጡን ይመልስ። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ «ከባሕር ማዶ ነኝ» ይላል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አወጣት። እሱም ቢሆን ምንጭ ያደርቃል የሚል ክስ ሳይቀርበት አልቀረም። ስለዚህ የሚጠየቀው የትውልድ ቦታው አይደለም። ከገባ በኋላ ምን አደረገ? ያገኘውን ቦታ ተካፍሎ ኖረ ወይስ የነበረውን አጠፋ? ጥያቄው ይኼ ነው። ለሸርጣን የሚጠየቀውን ጥያቄ ደግሞ ሰው ላይ የሚጠይቅ ካለ፣ ጥፋቱ የጠያቂው እንጂ የሸርጣን ለቃሚዎቹ አይደለም።

ጸሐፊው «እዚህ የሚረባው ኦይስተርም ከጃፓን የመጣ ነው» ያሉት ትክክል ነው። የዚህ አገር ተወላጅ ኦሊምፒያ የሚባለው ትንሹ ኦይስተር ነው። እሱ ከመጠን በላይ ተለቅሞና ውሃው ተበክሎ ሲመናመን፣ ነጋዴዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትልቁን የጃፓን ኦይስተር አመጡ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው «ታዲያ እሱ ለምን ተፈቀደለት?» ይላሉ።

ያልነገሩን ነገር ግን አለ። ያ ኦይስተር ብቻውን አልመጣም። ከዘሩ ጋር አንድ ቀንድ አውጣ ገባ። ይህ ቀንድ አውጣ በኦይስተሩ ቅርፊት ላይ ቀዳዳ ይበሳና ውስጡን ይመጠዋል። ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ እስካሁን አርቢዎቹን ያማርራል። ለዚህም ጭምር ነው ዛሬ በዋሽንግተን የሕዝብ ዳርቻዎች ኦይስተር የሚለቅም ሰው እዚያው ከፍቶ ሥጋውን ብቻ እንዲወስድ፣ ቅርፊቱን ግን በለቀመበት ቦታ እንዲተው ሕግ የሚያዘው። ቅርፊቱ ላይ ሕፃናት ኦይስተሮች ተለጥፈው ያድጋሉ። ቅርፊቱ ወደ ሌላ ዳርቻ ከተወሰደ ደግሞ ቀንድ አውጣውም እንቁላሉም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ የጸሐፊው ምሳሌ መልሶ ጸሐፊውን ይወጋል። አንድ እንግዳ ሳይታይ ሲገባ ምን እንደሚያስከፍል ከኦይስተሩ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ደረስን። ጸሐፊው «ያየው ሁሉ ይጨፍልቀው» ይላሉ። እኔ አድርጌዋለሁ።

ከልጄ ጋር አልካይ ነበርን። ውሃው ሸሽቶ ድንጋዮቹ ተጋልጠዋል። ስለ አረንጓዴው ሸርጣን በዚያው ሳምንት አንብቤ ደሜ ሞቋል። አንድ ድንጋይ ገለበጥሁ። ከሥሩ አረንጓዴ የሚመስል ትንሽ ሸርጣን ወጣ። አላመነታሁም፣ በጫማዬ አልሁት። ልጄ ጎንበስ ብሎ አየውና «አባዬ፣ ሦስት ነው ያለው» አለኝ። ምኑ ሦስት? እሾሁ። ከዓይኑ ጎን ያለው እሾህ ሦስት ነው። ወራሪው አምስት ነው ያለው። የገደልሁት የዚያው ዳርቻ ልጅ፣ ከድንጋዩ ሥር ኖሮ የሚሞት ምስኪን የአገሬው ሸርጣን ነበር። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ በፊት ድንጋይ ይገለብጣል። አያምነኝም።

ስሙ አሳስቶኝ ነው። አረንጓዴ ይባል እንጂ ብርቱካናማም፣ ቀላም፣ ቡናማም ሊሆን ይችላል። የአገሬዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ናቸው። ስለዚህ በቀለም አይታወቅም። ምልክቱ ከሁለቱ ዓይኖች ውጭ፣ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ፣ በእያንዳንዱ ወገን ያሉት አምስት እሾሆች ናቸው። በዓይኖቹ መካከል ደግሞ ሦስት ጉብታ አለው። ዳንጀነስ በእያንዳንዱ ወገን አሥር እሾህ አለው። የድንጋይ ሥሮቹ ሦስት። ቁጥሩን የያዘ ሰው አይሳሳትም፤ በሞቀ ደም የሚሄድ ግን እንደ እኔ ይሆናል።

የዋሽንግተን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሕዝቡን «አትግደሉ፣ ፎቶ አንሱና አሳውቁን» የሚለው ለዚህ ነው። ቢሮክራሲ ስለሚወድ አይደለም (ይወድም ይሆናል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት አይወድም)። ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድም በሕግ የተከለከለ ነው። ፎቶው ከተለያየ ጎን ይነሳል። መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም ቁልፍ ከጎኑ ይደረጋል። ቦታው በትክክል ይመዘገባል። ሸርጣኑ እዚያው ይተዋል። የሞተም ቢሆን፣ ባዶ ቅርፊትም ቢሆን ይጠቅማል። ሸርጣን ሲያድግ እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ቅርፊቱን ይጥላል፤ ቅርፊቱ ካለ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም።

«እሺ፣ ለይቼ ብገድልስ?» ለሚል ሰው ደግሞ ከካሊፎርኒያ የመጣ ታሪክ አለ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ስቲንሰን ቢች አጠገብ ሲድሪፍት የሚባል ሐይቅ መሰል የባሕር ኩሬ አለ። ዙሪያው መኖሪያ ቤት ነው። ከ2009 ጀምሮ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ተባብረው አረንጓዴውን ሸርጣን ከኩሬው ጠራርገው ለማውጣት ተነሱ። ሲጀምሩ 125,000 ያህል ነበር። በ2013 ከ10,000 በታች ወረደ። ሁሉም እፎይ አለ፤ ሊያልቅ ነው ተባለ። በቀጣዩ ዓመት 300,000 ያህል ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ምን ተፈጠረ? ትልልቆቹ ሸርጣኖች የራሳቸውን ዘር ትንንሾች ይበላሉ። ወጥመዱ የያዘው ትልልቆቹን ነው። ትልልቆቹ ሲያልቁ ሕፃናቱን እየበላ የሚቀንስ ጠፋ፤ ትንንሾቹ ፈሉ። በጎ ሐሳብ፣ የዓመታት ድካም፣ ውጤቱ ከመነሻው የባሰ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ የተማሩት «አትንኩት» የሚል አልነበረም። ግቡን ቀየሩ። አንድ ሳይቀር እናጥፋ ከማለት ይልቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ፣ አገሬው ፍጥረት መኖር በሚችልበት ልክ ይዞ ማቆየት። ይህ ደግሞ በየጊዜው መቁጠርን ይጠይቃል። ስንት እንደተያዘ፣ የት፣ በምን መጠን። በጫማ የሚጨፈልቅ ሰው ምንም አይቆጥርም። ሳይመዘገብ የሞተ ሸርጣን ለሌሎቹ ሽፋን ሰጥቶላቸው ነው የሞተው።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ብሉት? ምሥራቁ ዳርቻ ከ200 ዓመት በላይ አብሮት ኖሯል፤ ሾርባ የሚሠሩ ምግብ ቤቶችም አሉ። ሸርጣኑ ግን ዛሬም እዚያው ነው። ትንሽ ስለሆነ ሥጋው ከልፋቱ አይመጣጠንም። ኦሪገን ለአንድ ሰው በቀን እስከ 35 እንዲይዝ ትፈቅዳለች፤ ዋሽንግተን አትፈቅድም። እኔ ከዋሽንግተን ጋር ነኝ። ለይቶ የማያውቅ ሰው የአገሬውን ሸርጣን ባልዲ ሞልቶ ይሄዳል። ገበያ ከተፈጠረለት ደግሞ «ወደ ሰፈሬ ውሃ ልልቀቀውና ላርባው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ሐበሻ ነጋዴን የሚያውቅ ይህን አይጠራጠርም።

ጥሩ በላተኛስ አለ፤ ሰው አይደለም እንጂ። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ አጠገብ ኤልክሆርን ስላው በሚባል ረግረግ ውስጥ ወደ 120 የሚጠጉ የባሕር ኦተሮች፣ ማለትም ባለ ፀጉር የባሕር አጥቢ እንስሳት፣ ይኖራሉ። በዓመት ከ50,000 እስከ 120,000 አረንጓዴ ሸርጣን እንደሚበሉ ተገምቷል። እዚያ ሸርጣኑ ችግር መሆኑ ቀንሷል። ኦተሮቹ ግን ለፀጉራቸው ሲታደኑ ኖረው ሊጠፉ ጥቂት ቀርቷቸው የነበሩ እንስሳት ናቸው። የተመለሱት ሰው ስለጠበቃቸው ነው። «ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች» ብሎ እጁን ያጣጠፈ ሰው አልመለሳቸውም።

የመጨረሻውና ዋናው፦ አይወጣም፣ ገንዘብ ማባከን ነው፣ የመንግሥት ሥራ ነው።

አይወጣም የሚለውን አምናለሁ። ከእነዚህ ውሃዎች ሙሉ በሙሉ ይወጣል ብሎ ቃል የሚገባ ባለሙያ አልሰማሁም። ግን «አይወጣም» ማለትና «የትም ቢደርስ ለውጥ የለውም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለት ቦታዎችን ላነጻጽር።

አንደኛው ዳንጀነስ ስፒት ነው፤ የአገሬው ሸርጣን ዳንጀነስ ስሙን ያገኘበት አካባቢ ያለ ረጅም የአሸዋ ምላስ። በ2017 በጎ ፈቃደኞች እዚያ ወራሪውን አገኙት። ወዲያው ወጥመድ በወጥመድ ላይ ተጣለ። በዚያ ዓመት 96 ተያዙ። በየዓመቱ ሳይሰለቹ ቀጠሉበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያዘው በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ሁለተኛው የሉሚ ሕዝብ የባሕር ኩሬ ነው። 750 ኤከር የሚሆን፣ በግድብ የተከለለ፣ ክላምና ሳልሞን የሚያረቡበት ውሃ። ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ለሸርጣኑ እንደ ሆቴል ነው። በ2021 ከ70,000 በላይ ሸርጣን ከዚያ ብቻ አወጡ። የሉሚ ምክር ቤት በኅዳር አካባቢ አደጋ መድረሱን አወጀ። በጥር 2022 የያኔው የስቴቱ ገዢ ጄይ ኢንስሊ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጡ፤ የስቴቱ ምክር ቤትም 8 ሚሊዮን ዶላር ከምናምን መደበ። በ2022 በስቴቱ በጠቅላላ ከ280,000 በላይ ሸርጣን ወጣ። ጸሐፊው የሚያማርሩበት ገንዘብ ይኼ ነው።

እኔም አማርራለሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። 96 ላይ የደረሱበት ሰዎች ያወጡት ወጥመድ፣ ለማባበያ የሚሆን ማኬሬል ዓሣና ጉልበት ነው። 70,000 ላይ የተደረሰበት አዋጅ ጠየቀ። ሉሚዎቹን መውቀሴ አይደለም፤ እነሱማ ቀን ከሌት ሲያወጡ ነው የከረሙት። ነገር ግን ጸሐፊው የሚያዩት ትልቅ ወጪ ሸርጣኑ ከበዛ በኋላ የመጣውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እምቦጭ ቆቃ ላይ የታየው በ1960ዎቹ ነው። ጣና ላይ የታወቀው በ2011 አካባቢ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ (በእኛው አቆጣጠር) የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ አረሙ በሺህ ሄክታር ይለካ ነበር። ገበሬው ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። የተነቀለው ዳር ላይ ሲከመር በጎርፍ ተመልሶ የገባበትም ጊዜ አለ። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ጥግ ላይ አሥር ቅጠል በነበረበት ጊዜ ቢውል ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ታዲያ አሥሩን ቅጠል የሚያየው ማን ነው? «የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚለው መልሴ እዚህ ጋ ነው። ወራሪው በዋሽንግተን የውስጥ ባሕር፣ ሴሊሽ ባሕር በሚባለው፣ መጀመሪያ የተገኘው በነሐሴ መጨረሻ 2016 ነው። ቦታው ሳን ሁዋን ደሴት፣ ዌስትኮት ቤይ። ያገኙት የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም። ዋሽንግተን ሲ ግራንት የሚባል የባሕር ጥናት ፕሮግራም የሚያስተባብራቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጡረተኞች፣ አስተማሪዎች፣ የሰፈር ሰዎች። አንድ ወንድ ሸርጣን። አንድ! ወዲያው ባለሙያዎች መጥተው አካባቢውን በወጥመድ አሰሱት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ፓዲላ ቤይ ላይ ሌላ ታየ።

ሥራቸው ጀብድ የለበትም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ ስድስት ወጥመድ ይጥላሉ። በማግሥቱ ያነሱታል። የያዘውን ሁሉ፣ አገሬውንም ጭምር፣ ይቆጥራሉ፣ ይለካሉ፣ ይመልሱታል። ለሃያ ደቂቃ ዳርቻውን እየተራመዱ የወደቀ ቅርፊት ይለቅማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ወራሪ አያገኙም። ያንን «አልተገኘም» ጽፈው ይልካሉ። በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጣሉ። መንግሥት በሺህ ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ በየወሩ የሚራመድ ሠራተኛ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። በአላስካም እንዲሁ ነው፤ በ2022 ሸርጣኑ እዚያ መድረሱን ያወቁት አኔት ደሴት ላይ የሚኖሩት የመትላካትላ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ዳርቻቸውን እየተራመዱ በለቀሙት ባዶ ቅርፊት።

ሌላም ልጨምር። በ2021 መጀመሪያ ሲያትል ውስጥ በአንድ የቤት እንስሳት መደብር የሚሸጥ ክብ የአልጌ ኳስ ውስጥ ዜብራ መስል የሚባለው ወራሪ ተገኘ። ሐይቅ ከገባ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን፣ ሚሊዮኖች የሚያስወጣ ነገር ነው። ያመለከተው የመደብር ሠራተኛ ነበር። ሲጣራ ከ20 በሚበልጡ ስቴቶች መደብሮች ውስጥ ተገኘ። ቤታችሁ የልጆች የዓሣ ገንዳ ካለ ውሃውንም እጽዋቱንም ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትድፉ። ጀልባ ያላችሁም ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመውሰዳችሁ በፊት እጠቡት፣ ውሃውን አፍስሱ፣ አድርቁት።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። «ማንም በቋንቋችን አላስረዳንም» ይላሉ። እኔም ስለ ሸርጣኑ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ዳርቻ ላይ አላየሁም። እናቴ ከእኛ ጋር አልካይ ትሄዳለች። ቁጭ ብላ ውሃውን ስታይ ትውላለች፣ ከማናችንም በላይ ታያለች። ምን ማየት እንዳለባት ግን የነገራት የለም። ባለፈው እኔ ነገርኋት፦ «እማዬ፣ አምስት እሾህ ካየሽ ጥሪኝ፣ እንዳትነኪው።» «ደግሞ ማን ይነካዋል!» አለችኝ።

ጸሐፊው ሆይ፣ ሰመር ላይ ውሃው የሚሸሸው በቀን ነው፤ ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ያገኙታል። ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ልጄና እናቴ እዚያው ነን። ቦት ጫማ ትርፍ አለኝ፤ ቁጥርዎን ብቻ ይላኩልኝ። ድንጋይ የሚገለብጠው ግን ልጄ ነው።